የስድስት ብር ክር በአስራ አንድ ብር

ሴት በባሏ ትቀናለች፤ እኔ የቀናሁት በደንበኛዬ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ባሌ በክሪ ጫት እየጫነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ የት ያድር ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ተሾመች ክር በስልክ ማዘዝ ጀመረች ያሉኝ ቀን ግን ምሳዬ አልወረደልኝም።

ጭሮ ገበያ ገብታችሁ የሉባባ መደብ የት ነው ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ መርፌ እሸጣለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለክር ብቻ አይደለም፤ ለወሬም ነው። ያየሁትን አወራለሁ፤ ውሸት ግን አልጨምርበትም። ፀጉር አስተካካዩ ሽፈራው እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። «ከእንግዲህ ሽፈራው ጋ የሚላጭ ጆሮውን ቤቱ ትቶ ይምጣ» አልኩ፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሽፈራው ወንበሩን ጭኖ መሰላ ከተማ ገባ። እዚያ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ አላንቀጠቀጥኩት።

ተሾመች ልብስ ሰፊ ናት። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ዘርግታ የከተማውን ግማሽ የምታለብሰው እሷ ናት። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ሙስሊም፤ በረመዳን መደቤ ጋ ስትመጣ ውሃ እንኳ ፊቴ አትጠጣም። ሁለታችንም ሳናገባ ጀምሮ ክር የምትገዛው ከእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች፤ የምትሰፋውን ጨርቅ ቁራጭ ከመሀረቧ ፈትታ ታወጣለች፤ ክሮቼን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች ከጨርቁ ጋር ታስተያያለች። «ይሄ ነው የሚሄደው» ብላት አታምነኝም፤ በቀለም ነገር ከራሷ ዓይን በቀር ማንንም አታምንም። ከዚያ እንጀምራለን።

«ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«አራት።»

«በአራት ብርማ ክሩ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ነው የምሸጥልሽ።»

«እሺ፣ ፕላስቲኩን ሽጪልኝና ክሩን ምራቂ አድርጊው።»

ገበያተኛው ቆሞ ይሰማናል። በመጨረሻ አምስት ተኩል ትከፍላለች፤ እኔም እመርቅላታለሁ። የሰው ምራቂ ሌላ ሌላ ነው፤ የእኔ ምራቂ መርፌ ነው፣ ቀይ ወረቀት ላይ ሰክቼ። ለሃምሳ ሳንቲም ብሎ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው የለም። እሷ የምትከራከረው ከእኔ ጋር መቆም ፈልጋ ነበር፤ እኔም ስድስት የምለው እንድትቆምልኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ቀረች። ታማ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረች። ጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠውን ረዲያን ጠየቅኳት።

«አልሰማሽም እንዴ?» አለች ረዲያ። «ክር በስልክ ሆኗል የምትገዛው። ከትዕምርት።»

ትዕምርት ማለት ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ቴሌግራም ላይ ገበያ ከፈተች። ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ፎቶ ያነሳል፣ እሷ ትለጥፋለች፣ የፈለገ ያዛል፣ ባጃጅ ያደርሳል። ረዲያ በስልኳ አሳየችኝ። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ጫማ፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል፦ ከሃምሳ ብር በታች ለሆነ ዕቃ ገዢው አምስት ብር ይከፍላል።

«ቆይ» አልኩ። «ክርስ?»

«ክሩ ስድስት፣ አምስት ሲጨመር አስራ አንድ።»

«ብርድ ልብስ የሚገዛውስ?»

«እሱ ምንም አይጨምርም።»

ደሜ ፈላ። ከእኔ ጋር በሃምሳ ሳንቲም የዙህር ሰላት እስኪደርስ የምትከራከር ሴት፣ የክሩን ዋጋ የሚያህል ጭማሪ ለስልክ ሳትተነፍስ ትከፍላለች! ስልክ ምራቂ አይሰጥም። ስልክ እንዴት አደርሽ፣ ልጆችሽስ አይልም። ገበያተኛው እስኪስቅ አይከራከርም። እኔ ስሰጥ ኖሬ፣ እሱ እየወሰደባት እሱን መረጠች።

አላህ ግን አልረሳኝም። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ደንበኛ ላከልኝ፤ ቢራቱ የሚባል የባጃጅ ሾፌር፣ ዝምተኛ ሰው። የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ይመጣል፤ «ይህን የሚመስል ክር» ይላል። እኔ ሳጥኖቼን ገልብጬ እመርጥለታለሁ። ስድስት ስለው ስድስት ይከፍላል። ለማን ነው ስለው «ለቤት» ይለኛል። ሚስቱ ስፌት ትማር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ባለመከራከሩ ባይጥመኝም ቅር እንዳይለው መርፌዬን በቀይ ወረቀት እመርቅለት ነበር። ረዲያ እየሰማችኝ «ተሾመች ትሂድ! ደንበኛ ሞልቷል!» እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው።

አላስቻለኝም፤ ትዕምርት ጋ ሄድኩ።

«አዴ ሉባባ፣ ይግቡ» አለችኝ ከመቀመጫዋ ተነስታ። ጨዋ ናት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ልጄ፣ ይሄ አምስት ብር ምንድነው? ብርድ ልብስ የሚገዛ ሀብታም ምንም አይከፍልም፣ አንድ ክር የምትገዛ ድሃ ትቀጣለች?»

«ባጃጁ ለክርም ለብርድ ልብስም መንገዱ ያው ነው፣ አዴ። ለብርድ ልብሱ ሻጩ ይከፍለኛል። በስድስት ብር ክር ላይ ሻጩን ምን ልቀበለው? አምስት ብር የሚበዛበት ሰው በእግሩ ገበያ ይሄዳል። የማይሄደው ምክንያት ቢኖረው ነው።»

«ተሾመች ምን ምክንያት አላት?»

ልጅቷ ዝም አለች። ስልኳን አገላበጠች። «እሷን ይጠይቋት» አለች በመጨረሻ።

ታውቃለች! እኔ የማላውቀውን የተሾመችን ነገር ይህች ትናንት የመጣች ልጅ ታውቃለች። ከአምስት ብሩ ይልቅ ያቺ ዝምታ ናት ያቃጠለችኝ። ሁለቱም አንድ ጸሎት ቤት ናቸው፤ ለካ ነገሩ እዚያ ነው አልኩ። የኖርነው ሁሉ ለካ ለዚህ ኖሯል።

ማክሰኞ ጠዋት ቢራቱ አስቸጋሪ ቁራጭ ይዞ መጣ፤ አረንጓዴ እንዳትሉት ሰማያዊ አለበት፣ ሰማያዊ እንዳትሉትም አረንጓዴ ነው። ሳጥኑን ሁሉ በርብሬ አገኘሁለትና መረቅኩለት። ከሰዓት መደቡን ለረዲያ ሰጥቼ ወደ ተሾመች በረንዳ ወጣሁ።

አንዲት ሴት ለልጇ ሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ ተቀምጣለች። ተሾመች መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እኔ ሰላምታም አልሰጠሁ።

«ስሚ ተሾ፣ እኔ ምን አደረግኩሽ?»

ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ቆይታ ነው ያወቀችኝ፤ ያን ጊዜ ኩራት መሰለኝ።

«ሉባባ ነሽ?»

«አይ፣ ቴሌግራም ነኝ!»

ሴትዮዋ ሳቀች። ተሾመች አልሳቀችም። እኔ ከጀመርኩ አላቆምም፦ «እኔን በሃምሳ ሳንቲም ስትገዘግዢኝ ኖረሽ ለዚያች ልጅ አምስት ብር ትጨምሪያለሽ? ክሬ ይበጠሳል? መርፌዬ ዝጓል? ወይስ ከአንድ ጸሎት ቤት ካልሆነ አልገዛም አልሽ?»

«አቦ ተይኝ ሉባባ፣ ሰው አለ።»

«ሰው ይስማ!»

ይህን ስል አንድ ባጃጅ በረንዳው ሥር ቆመ። የወረደው ቢራቱ ነው። እኔን ሲያይ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። በእጁ ስስ ፌስታል ይዟል፤ በፌስታሉ ውስጥ ጠዋት የሸጥኩለት ክር ይታያል፤ ከክሩ ጋር ቀይ ወረቀቴ፣ በወረቀቱ ላይ መርፌዬ።

መጀመሪያ የታየኝ ሌብነት ነው። «ያ ረቢ! ከእኔ በስድስት ትገዙና ለገዛ ደንበኛዬ በአስራ አንድ ትሸጣላችሁ?»

«አዴ ሉባባ» አለ ቢራቱ እየተንተባተበ፣ «ክሩ ከእርስዎ ካልሆነ አታምጡብኝ ያለችው እሷ ናት።»

ተሾመች ክሩን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ወደ ቢራቱ ጠጋ ብላ በቀስታ «ይሄዳል?» አለችው።

«ይሄዳል» አላት።

ተሾመች! በቀለም ነገር እኔን እንኳ አምና የማታውቅ ሴት፣ የባጃጅ ሾፌር «ይሄዳል» ሲላት ክሩን መኪናዋ ላይ ልትሰካው ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሌሎች ክሮች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ።

«እስቲ ያንን ጥቁሩን አቀብይኝ» አልኳት።

እጇ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፈለገ። ቡናማውን አንስታ ዘረጋችልኝ። ጥቁሩ እዚያው ክርኗ አጠገብ ነበር።

ሴትዮዋ ሁለታችንንም እያፈራረቀች ታያለች። «ምን ሆናችሁ?» አለች። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ወሬ በእጄ ገብቶ አያውቅም። የመስከረም ዩኒፎርም ሊሰፋ ሳምንታት ቀርተውታል፤ ተሾመች ቀለም አትለይም ብዬ አንድ ቃል ብጥል ጨርቁን ይዞ ወደዚያ በረንዳ የሚወጣ አይኖርም። ተሾመችም ያወቀችው መሰለኝ፤ ክሩን እንደዘረጋች እጇ አየር ላይ ቀረ።

ቡናማውን ክር ተቀብዬ ሴትዮዋ ሳታየው በጉያዬ ከተትኩት። «ምንም» አልኩ። «ጥቁር ክር ጎድሎብኝ ነው።»

ሴትዮዋ ቀሚሷን ልትለካ ወደ ውስጥ ገባች። ቢራቱም ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

«የዓይን ሞራ ነው» አለችኝ ተሾመች። «ሐረር ሆስፒታል ወረፋ ይዣለሁ፤ ይገፈፋል ብለውኛል። እስከዚያ በጣቴ እሰፋለሁ፤ ስፌቱ አይጠፋኝም። የጠፋኝ ቀለሙ ነው።»

«ለዚያች ልጅ ነግረሽ ከእኔ ትደብቂያለሽ?»

«እሷ አምስት ብሯን ትቀበልና ዝም ትላለች።»

«እኔስ?»

የመኪናዋን ጎማ በእጇ ትንሽ አዞረችና «ሽፈራው መሰላ ምን እየሠራ ነው?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። እሷም አላስጨነቀችኝም፤ የመኪናዋን መሳቢያ ሳበች። ለቢራቱ የመረቅኳቸው መርፌዎች በሙሉ በየቀይ ወረቀታቸው ላይ እንዳሉ ተደርድረዋል።

«ምራቂሽ ሳይጎድል ይደርሰኛል» አለች።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የቀናሁት እዚያው ነው። ክሩን የመረጥኩላት እኔ፣ ሳጥን ያገላበጥኩት እኔ፣ የመረቅኩት እኔ፤ የታመነችው ትዕምርት። ቢራቱ እንኳ፣ ያ ምላስ የሌለው ቢራቱ፣ ያውቅ ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አልኳት። «ቁራጩን በመሀረብሽ ሥር አድርገሽ ስጪኝ። እኔ መርጬ እሰጥሻለሁ። አንዱ ክር አስራ አንድ ብር ነው።»

«አስራ አንድ? አምስቱ የምንድነው?»

«የአፌ።»

ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ በኋላ ሳቋን ሰማሁ። «ለአንቺ አፍ ከሆነማ አስር ይገባዋል።»

«አምስት አልኩሽ። አልቀንስም፣ አልጨምርም።»

ቅዳሜ መጣች። ቁራጩን በመሀረቧ ሥር አቀበለችኝ፤ እሷ ክሮቹን እያነሳች ወደ ፀሐይ ስታይ እኔ የሚሄደውን መርጬ መዳፏ ውስጥ አስቀመጥኩ።

«ስንት ነው?»

«አስራ አንድ።»

ሳትከራከር ከፈለች። ሊሰማን የቆመው ገበያተኛ ግራ ገብቶት ተበተነ። ረዲያ ሽንኩርቷን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ክር አስራ አንድ ገባ እንዴ? ምን ተገኘ?»

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቁልፎቼን በየመልካቸው መለየት ጀመርኩ።

ያንን አምስት አምስት ብር ከሌላው ሽያጭ አልደባልቀውም። ልመልስላት ብዬ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ። ብመልስላት ግን ያልተከፈለ አፍ አታምንም፤ ወስዳ ለትዕምርት ነው የምትከፍለው፤ ስለዚህ አልመለስኩላትም።