ሦስት መቶውን ስጠኝ

የአዲሱ ብሬከር ካርቶን ላይ የተሳለው ሰው ሳይሆን እሳት መሆኑን ያየሁት ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ስል ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሻወሩ ውሃ ይወርዳል። ትንሿ ልጄ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ገና ዛሬ ሻወር መግባቷ ነው፤ አይዞሽ ብዬ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን ቧንቧውን ስትነካ፣ "እማ፣ ውሃው ነከሰኝ" ብላ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና በባልዲ ካልሆነ አልታጠብም አለች። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ሰፈሩ "ብልጭታ" የሚለውን ኤሌክትሪሻን ጠራሁት። ማሞቂያው ውስጥ የላላውን ሽቦ አጠበቀና፣

"የቤቱ መስመር አርጅቷል፤ ነገ በሌላ በኩል ይሾልካል" አለኝ። "ኤሌክትሪክ ሲሾልክ፣ ሰው ሳይጎዳ መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከር ያስፈልጋችኋል። ሠላሳ የሚለውን ግዢ።"

ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ብሬከሮች አወጡልኝ፤ መንታ ይመስላሉ። አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው ሦስት መቶ ይላል፤ የሠላሳው ካርቶን ላይ ሰው ተስሏል። እኔ ገመድ ስገዛ ወፍራሙን፣ ጓጉንቸር ስገዛ ከባዱን የማነሳ ሰው ነኝ። ሠላሳ ጥሩ ከሆነ ሦስት መቶ እንዴት አይበልጥም?

"ሦስት መቶውን ስጠኝ" አልኩት ባለሱቁን።

"ለቤት ነው?"

"ለልጄ ነው።"

"እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" ብሎ አስረከበኝ።

ብልጭታ ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ገጠመው። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሲሠራ እኔ ከሥር ቆሜ የሰማሁትን አደጋ ሁሉ ስዘረዝርለት ነበር። ጨርሶ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ቀጭ አለና የቤቱ መብራት ጠፋ። "አየሽ እትዬ፣ ይሠራል" ብሎኝ ሄደ። እኔም አምኜ ልጄን አስገባኋት።

አሁን ካርቶኑን እንደያዝኩ ሮጬ ዋናውን ማብሪያ አወረድኩት።

"እማ፣ መብራት ጠፋ" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቧንቧውን ሳትነኪ ውጪ።"

"ሳሙና በሳሙና ነኝ እኮ።"

"ከነሳሙናሽ ውጪ።"

ብልጭታ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ደግሞ ማን ሞተ?" አለኝ።

ሦስት መቶውን መግዛቴንና ካርቶኑ ላይ ያየሁትን ነገርኩት።

"ሦስት መቶው ለእሳት ነው፤ ለሰው አይሆንም" አለ። "እንደ ጆሮ ቁጠሪው። ሠላሳው ሹክሹክታ ይሰማል። ሦስት መቶው ካልተጮኸበት አይነሳም። እሱ እስኪነሳ ሰው ይጎዳል።"

"ታዲያ ስትገጥመው አላየኸውም?"

"ማየት ነበረብኝ። አንቺ ያን ሁሉ ሬሳ ስትቆጥሪብኝ፣ ቶሎ ጨርሼ ልውረድ ብዬ ነው። ጠዋት ሠላሳውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ማሞቂያውን አጥፊ፤ ሻወሩን ማንም እንዳይነካው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን የፈራሁትን ሱቅ ድረስ ሄጄ፣ መርጬ ነው ያመጣሁት።

የማሞቂያውን ማብሪያ አጥፍቼ የቀረውን መብራት መለስኩ። ልጄ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ፀጉሯ አረፋ እንደሆነ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ጋዝ ላይ ውሃ ጣድኩላት።

"አሁን አይነክስም ብለሽኝ ነበር" አለች።

"ብዬሽ ነበር።"

"አውቀሽ ነው?"

"ሳላውቅ ነው። ትልቁ ቁጥር ይበልጥ የሚጠብቅሽ መስሎኝ ነው።"

በባልዲ አለቀለቅኋት። ውሃውን ባፈሰስኩ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል።

አባቷ ሲመሽ ከሥራ ገባ። ሁሉንም ነግሬው ሳበቃ፣ "ጠዋት ሻወሩን እንዳትነካ" አልኩት።

"እሺ" አለ እራቱን እየጎረሰ።

የእሱን እሺ አሥራ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ማታ ይላል፣ ጎህ ሳይቀድ ይረሳል፤ ከዚያ ዓይኑን እንደጨፈነ ማሞቂያውን አብርቶ ሻወር ይገባል። ተነስቼ መሳቢያ ውስጥ የበር ቁልፍ ፈለግሁ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሻወሩን ልቆልፈው።"

"ሰው የገዛ ሻወሩን ይቆልፋል?"

"ሽንት ቤቱ ለብቻው ነው፤ እሱን አልነካብህም።"

"ኧረ ዘበኛም ቅጠሪለት" አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

የሻወሩ በር ቁልፍ ሳይነካ ከርሞ ስለነበር አልዞር አለ። ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ጣቴ እስኪታመም ገፋሁት። ልጄ በባዶ እግሯ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"ተቆለፈ?" አለች።

"አሁን ይቆለፋል።"

በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩት፤ ተቆለፈ። እሷ ግን በእኔ ቃል አልሄደችም። በክንዴ ሥር አልፋ የእንጨት እጀታውን ያዘችና አንዴ ሳበችው፣ ደግማ ሳበችው። በሩ አልተንቀሳቀሰም።