ዘጠና ሺህ ሰው

«ቁጥጥሩን አጥፊው አልኩሽ!»

ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዋ ቆሞ የወንበሯን መደገፊያ ጨምድዶ ይዟል። የታላቅ እህቷ ባል ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ ሳትነፋ የምታሳልፈው ነገር የለማ። እሱ ግን ቅጽል ስሟን የሚጠራው ሊያበሽቃት ሲፈልግ ብቻ ነው።

«ወንፊት! ዛሬ የሚነፋ ዱቄት የለም። ሥራውን የሚረከቡት እንግዶች ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።»

ከጠዋት ጀምሮ የሁለት ሆስፒታሎችን የሕሙማን መዝገብ ወደ አንድ ዳታቤዝ እየጫነች ነበር። ፋይሉን በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል አሰልፋዋለች፤ ተራ የያዘ መረጃ ሳይንገራገጭ ይገባል። የሚያጓትተው ቁጥጥሩ ነው። ሁለቱም ሆስፒታሎች ካርድ ማደል የጀመሩት ከቁጥር አንድ በመሆኑ፣ አንድ ቁጥር ሁለት ባለቤት ሲያገኝ ማሽኑ ሁለተኛውን ለይቶ ወደ ጎን ያስቀምጣል። በየቁጥሩ ፊት የሆስፒታሉ ፊደል ይግባ ብላ ለምና ነበር። እሱ ግን ካርዱ አንዴ ታትሟል ብሎ ሰው ፊት አፌዘባት።

«ካጠፋሁት የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል» አለች።

«እኔ ባልኖር ይህን ወንበር በሩቁም አታይውም ነበር።»

«እሱንማ እህቴ ቤት በተገናኘን ቁጥር ሰምቼዋለሁ።»

ግን አጠፋችው። ለምን እንደታዘዘች ለራሷም አልገባትም፤ እጇን ጠላችው። እስከ ማታ ይፈጃል የተባለው ሥራ በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ።

የተነበበው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ፣ የገባው ሦስት መቶ ሃያ ሁለት ሺህ። አንድ ቁጥር መርጣ የሆስፒታሎቹ መዝገብ በመጣበት አሮጌ ዲስክና በአዲሱ ዳታቤዝ ላይ ፈለገች። በአሮጌው ላይ የቁጥሩ የመጀመሪያ ባለቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከስሟ ስር በቀይ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ተብሎ ተጽፏል። በአዲሱ ላይ ግን በዚያው ቁጥር የተመዘገበው ምንም የማይከለከል ጎልማሳ ነው።

«ዘጠና ሺህ ሰው ጠፍቷል።»

«ድግግሞሽ ነው የጠፋው። እሰይ!» ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። «አሁን አሮጌውን ዲስክ ደምስሺው።»

«ለምን?»

«እሱ ካለ ቁጥሩን ያስተያዩታላ!»

ያወቀው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። እስካሁን ግትር ብቻ ይመስላት ነበር። ተነሥታ ዲስኩን ከማሽኑ መዘዘችው፤ ገና ትኩስ ነበር። እሱ በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

«አምጪው።»

«አልሰጥም።»

«ነገ ሥራ የለሽም። እህትሽም ከማን ጋር እንደምትቆም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ከእሱ ጋር ነው የምትቆመው፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር። ዲስኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ትቁም» አለች።

እጇን ጠመዘዘው። ዲስኩን አልለቀቀችም። ከኮሪደሩ የብዙ ሰው ኮቴና ሳቅ ተሰማ፤ እንግዶቹ ቀድመው መጥተዋል። እጇን ሳይለቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እባክሽ፣ የቤተሰብ ነገር ነው። እኛው እንጨርሰዋለን።»

ኮቴው በሩ አጠገብ ደረሰ። ወንፊት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አየር ሳበች።