እግር አልባው እንጉዳይ

ትሕትና ከቡሬ ከተነሳች ጀምሮ ልቧ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏታል። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ሦስት ጊዜ ወርዳ ሦስት ጊዜ ተሳፈረች። በመጨረሻ ረዳቱ መረረውና «እህት፣ ወይ ውረጅ ወይ ግቢ፤ በሩን ልትገነጥይው ነው» አላት። ገብታ ተቀመጠች። ተቀምጣም እግሯ ወለሉን መምታቱን አልተወም። አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ የያዙትን ዶሮ ወደ ሌላው ጎናቸው አዞሩት።

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ሰምታ ነው የወጣችው። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ታቀርባለች።

ጽሑፉ ስለ እንጉዳይ ነው። ያውም ስለሚበላው አይደለም፤ ድብልብል ሆኖ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ሲረግጡት ቡናማ ብናኝ ስለሚተፋው ነው። ዘመድ አዝማድ ሲሰማ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽ?» ይላል። እሷም መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች። እነዚህ ድብልብል እንጉዳዮች ድሮ ብናኛቸውን በሆዳቸው ስለያዙ ብቻ በአንድ ስም ታጉረው ነበር። ኋላ አዋቂዎቹ ሲመረምሯቸው የአንዱ ዘመድ ከሌላው የማይገናኝ ሆኖ ተገኘና ተበታተኑ። ትሕትናን እንቅልፍ የነሷት ግን ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው። ሊኮፐርደን የሚባለው ወገን ወፍራም እግር አለው፤ ደርቆም ከበቀለበት አይነቃነቅም። ቦቪስታ የሚባለው እግር የለውም፤ ሲደርቅ ከአፈሩ ይላቀቅና ነፋስ እንደ ኳስ እያንከባለለ ብናኙን ይዘራለታል።

እሷ የለቀመቻቸውን እንጉዳዮች በማይክሮስኮፕ ስታያቸው የውስጥ ክሮቻቸው ለሁለቱም ወገን የሚያደሉ ሆኑባት። የዘረመል ምርመራው ወረፋ ገና አልደረሳትም። ስለዚህ ፍርዱ እግሩ ላይ ወደቀ። ያለፉትን ሁለት ክረምት መንገድ ተዘግቶባት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው የኪዳነ ምሕረት ደብር የደረሰችው መስከረም ላይ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንጉዳዮቹን ያገኘቻቸው ከግቢው የድንጋይ ካብ ሥር ተከማችተው ነው፤ አንድም እግር ያለው አልነበረም። ቦቪስታ ነው አለች። በዚያ አላበቃችም፤ በአገራችን እስካሁን ያልተመዘገበ ዓይነት ነው ብላ ጻፈች። አማካሪዋ ዶክተር ያረጋል ያን ቀን እጇን ጨብጦ አልለቅም አላት። ሐሙስ ካለፈች በዩኒቨርሲቲው የመምህርነቱ ቦታ የእሷ ነው። ካላለፈች ለተከታዩ ተወዳዳሪ ይሰጣል፤ ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ከፈታኞቹ አንዱ ግን «በበቀለበት ቦታ የተነሳ ፎቶ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ለዚያ ፎቶ ነው ይህ ሁሉ ጥድፊያ።

ከባጃጅ ወርዳ ጭቃውን እየዘለለች ደብሩ ስትደርስ እማሆይ አስካለ ማርያም ከጎጇቸው ደጅ የመጥረጊያ ቅጠል ያስራሉ። እማሆይ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። የደብሩን ግቢ ሲጠርጉ ዘመን ቆጥረዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ያሯሯጠሽ ትመስያለሽ» አሏት ትከሻዋን እየሳሙ። «አረፍ በይ እንጅ።»

«አልቀመጥም እማሆይ። ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ። እንጉዳዮቹ በቅለዋል?»

«በቅለዋል። ከቤተልሔሙ ጀርባ ትላንት አይቻቸዋለሁ።»

«ካቡ ሥርስ?»

«ካብ ሥር ምን ይበቅላል፣ ድንጋይ አይደለም እንዴ? እዚያማ እኔ ነኝ የምጥላቸው።»

ትሕትና ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር። እጇ እዚያው ቀረ።

«ምን አሉኝ?»

«ነሐሴ መጨረሻ ላይ መልካቸው ሲጠይም፣ ሳይፈነዱ ጭንቅላታቸውን እየጠመዘዝሁ እቆርጥና ወደ ካቡ እወስዳቸዋለሁ። አምናማ አንች ስትለቅሚ እንዳትደክሚ ብዬ አንድ ላይ ከምሬልሽ ነበር።» እማሆይ ፈገግ አሉ። «ወዲያና ወዲህ ስትይ እንዴት ደስ ብሎሽ ነበር።»

የጽሑፏ አርባ አንደኛ ገጽ ላይ «የደረቁትን ነፋስ እያንከባለለ ከካቡ ሥር ያከማቻቸዋል» የሚል አለ። ዶክተር ያረጋል ዓረፍተ ነገሩን ወዶት ነበር። ነፋሱ ለካ እማሆይ ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቆሞ ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። ትሕትና አልጠየቀችም፤ ወደ ቤተልሔሙ ጀርባ ሮጠች።

አሥር ያህል ይሆናሉ፤ እርጥብ ሣር ውስጥ ነጭ ጭንቅላታቸውን አውጥተዋል። ተንበርክካ በቢላዋ አፈሩን ዙሪያውን ፈለቀቀችና አንዱን ቀስ ብላ አወጣችው። እግር አለው፤ አውራ ጣት የሚያህል። ለሁለት ሰነጠቀችው። እግሩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ እንደ እንጀራ ዓይን። ሁለተኛውን አውጥታ ሰነጠቀች፣ ሦስተኛውን አውጥታ ሰነጠቀች፤ ሁሉም እግር አላቸው። ሊኮፐርደን ነው። በየሜዳው የሚገኘው፣ ማንም የሚያውቀው፣ ማንም እጅ ጨብጦ የማያመሰግንበት ሊኮፐርደን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእሷ ግን ለመልቀምም የሚበቃ ቀን አልቀራትም። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። የሰነጠቀቻቸውን በእግሯ ወደ ቁጥቋጦው ገፋቻቸው፤ ወዲያው አፈረችና መልሳ ለቅማ መሬት ላይ ደረደረቻቸው። ማን አየ? እሷና እማሆይ። እማሆይ ደግሞ ቦቪስታ የሚባል ስም በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። እንዲህ ማሰቧ ራሷን አስፈራትና ዶክተር ያረጋል ዘንድ ደወለች፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ትሕትና፣ ሐሙስ እኮ ነው» አለ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈታኞቹ ያንን ግቢ አያውቁትም። እንዳለ አቅርቢው፤ ለኅትመት ስንልከው እናርመዋለን።»

«እርስዎ ቢሆኑ ያቀርቡት ነበር?»

«እኔን ተይኝ። ቦታው እስከሚቀጥለው ዓመት እንደማይጠብቅሽ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። መልሼ እደውላለሁ።»

ዞር ስትል እማሆይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላወቀችም። መሬት ላይ የተሰነጣጠቁትን አዩ፣ ከዚያ ፊቷን አዩ።

«የእኔ መቁረጥ ነገር አበላሸብሽ?»

«ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ለእሳቸው ብላ ብትዋሽ ሐሙስም ለራሷ ብላ እንደምትዋሽ ገባት። ደግሞ ደክሟት ነበር።

«አበላሸብኝ እማሆይ። እግር የለውም ብዬ ጻፍሁ፤ እግሩን ለካ እርስዎ እየቆረጡት ነው። የተማርሁበት ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው።»

እማሆይ ምርኩዛቸውን አስደግፈው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ መጣሽ፣ ሄድሽ» አሉ። «ይህን ስታነሽ ያንን ስትለኪ። አንድ ቀን እንኳ፣ እማሆይ ይኸ ነገር ከየት መጣ ብትይኝ ምን ነበረበት? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እኔም አልነገርሁሽ። የተማርሽ ነሽና ታውቂዋለሽ ብዬ።»

ትሕትና መጽሐፍ ጠይቃለች፣ ማይክሮስኮፕ ጠይቃለች፣ ማዶ አገር ላለ ለማታውቀው ሰው ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ጠይቃለች። ግቢውን በየቀኑ የሚጠርጉትን ሴት ግን አልጠየቀችም። ከሁሉም ያንገበገባት ይኸ ነበር።

ስልኳን አንስታ ደወለች። «ዶክተር፣ ሐሙስ አልቀርብም። ዘንድሮ ክረምቱን ከበቀሉበት እስኪደርቁ አይቼ እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«ቦታውስ?»

«ለተከታዩ ይሰጥ።»

ዶክተሩ ተነፈሰ። ለፈታኞቹ ራሱ እንደሚነግራቸው ነግሯት ስልኩን ዘጋ። ትሕትና ከእማሆይ ጎን ተቀመጠች፤ ከጠዋት ጀምሮ በወጉ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማሆይ፣ ዘንድሮ አይቁረጡብኝ።»

«ኧረ እኔስ አልነካቸውም።» እማሆይ ግን አመነቱ። «ብቻ...»

«ለምንድን ነው ግን የሚቆርጧቸው?»

እማሆይ ቀና ብለው አይዋት፤ ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስላል።

«በአንች ምክንያት ነዋ» አሉ። «አምስት ዓመትሽ ነበር። ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ከእጄ አመለጥሽና እዚህ መጥተሽ አንዱን ረገጥሽው። ብናኙ ዓይንሽን ሞላው። ሦስት ቀን ሙሉ አልገለጥሽም፤ ጠበል እያፈሰስሁ አለቀስሁ። እናትሽ አደራ ብላ የሰጠችኝን ልጅ ዓይን አጠፋሁ ብዬ። አራተኛው ቀን ላይ ገለጥሽና ውኃ ጠማኝ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ክረምት ነው፤ አንዱንም እስኪፈነዳ ትቼው አላውቅም።»

ትሕትና አላስታወሰችውም። ለማስታወስ ብትሞክርም የመጣላት ነገር የለም። ሁለቱን እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እማሆይም አላባበሏትም፤ ጀርባዋን ብቻ ዳሰሱ።

«ዘንድሮ ከተውናቸው ልጆቹን ማን ሊጠብቃቸው ነው?» አሉ ቆየት ብለው። «ሰንበት እናቶቻቸው ሲያስቀድሱ እኮ እዚህ ነው የሚቦርቁት።»

«እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለች ትሕትና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እስኪደርቁ ከዚህ አልነሳም።»