ዘንጉ የገባበት ቦታ

ሞዴል አውሮፕላን መሥራት የጀመረችው ዓሲያ ናት፤ ታናሽ እህቷ ሪሃና ኋላ ነው የመጣችው። አባታቸው ዓብዱረሕማን ሰቆጣ ውስጥ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይሸጣሉ። ዓሲያ ዕቃው ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም እየቆረጠች ለአውሮፕላኗ ክንፍ አወጣች። አግድሙን የጭራ ክንፍ እንዳይነቃነቅ አጣበቀችው፤ ከኋላው ያለው ጠባብ ክፍል ብቻ በማጠፊያ ከፍ ዝቅ እያለ አፍንጫውን ያነሳል፣ ይደፋል። በርቀት መቆጣጠሪያ ስትነዳው በረረላት። አባቷ ከሱቁ በር ላይ ሆነው ጥሩ ነው አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

በዓመቱ ሪሃና የራሷን ሠራች። የእሷ ማጠፊያ የለውም፤ የጭራው ክንፍ ሙሉውን በአንድ ዘንግ ላይ ይዞራል። የተዋጊ ጄት ጭራ እንዲህ ነው ብላ ለአባቷ በስልክ አሳየቻቸው። እሳቸውም ሱቁን ዘግተው ሊያዩ ወጡ። ዓሲያ ቀናች፤ ለእሷ ከሱቁ በር አልራቁም ነበር።

ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አጨዳው ያለቀ ማሳ ላይ ሦስቱም ቆሙ። ዓሲያ አውሮፕላኑን ተቀብላ ጭራውን በጣቷ ነካ ስታደርገው ገባት። ዘንጉ መኻል ለመኻል ገብቷል። ወደ ፊተኛው ጠርዝ መቅረብ ነበረበት፤ አሁን ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ራሱ ጭራውን ጠምዝዞ ይወስደዋል፣ ጭራውን የምታዞረው ትንሿ ሞተር አትመልሰውም። አባቷ ሪሃናን በስልካቸው እየቀረጹ ይስቁ ነበር። ዓሲያ ስለ ዘንጉ ሳትነግራት አውሮፕላኑን ለሪሃና መለሰችላት።

አውሮፕላኑ ተነሳ፤ አንዴም በደንብ ዞረ። ሪሃና ፍጥነት ስትጨምርለት ግን ጭራው ተጠመዘዘ፣ አፍንጫው ተደፋ፣ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ዓሲያ የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። አባታቸው ሪሃናን አቅፈው ሲያጽናኑ ስታይ ይብስ ከፋት።

ስብርባሪውን አብረው ሲለቅሙ ሪሃና ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ዘንጉን አይተሽው ነበር አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንዲወድቅ ፈልጌ ነው።»

ሪሃና ለአባቷ አልተናገረችም፤ ዓሲያንም ለብዙ ቀን አላናገረቻትም። ከዚያ አዲስ ፎም ይዛ መጣችና ዘንጉ የት ይግባ አለቻት። ዓሲያ ትክክለኛውን ቦታ በእስክሪብቶ አመለከተችላት።

ሁለተኛው በረረ። አባታቸው የማን ይሻላል ብለው ዓሲያን ጠየቋት። የእሷ ቶሎ ይታዘዛል፣ የኔ ደግሞ አያስደነግጥም አለች። ሪሃና መቆጣጠሪያውን አቀበለቻት። ዓሲያ ገና በጣቷ ነካ ከማድረጓ አፍንጫው ቀና አለላት፤ ከበፊቱ የባሰ ቅናት ያዛት። ሪሃና መልሺልኝ ስትላት፣ አንድ ዙር ብቻ ብላ ለመነቻት።