የምትናገሪው ከዚህ ክፍል አይወጣም

«የምትናገሪው ከዚህ ክፍል አይወጣም ትልሻለች» አለችኝ ሬዲዮ።

ሬዲዮ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ጠዋት የሰማችውን ምሳ ሳይደርስ አገር ያውቀዋል። ለጥናት የመጣችው የውጭ አገር ተመራማሪ ደግሞ ቋንቋችንን ስለማትሰማ አስተርጓሚ አድርጋ መሐላችን ያስቀመጠችው እሷን ነው! የእኔን ገመና ለባሌ እህት! እግዜር ያሳያችሁ።

ያለነው የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ጥናቱ ሴቶች በየቤታቸው ስለሚደርስባቸው በደል ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክል ባልደረባዬ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የባሏን ጉድ ዘረገፈችው፤ ወዲያው በተመራማሪዋ በኩል ከነልጆቿ መጠለያ ተገኘላት። ይህንንስ የሰማሁት ከማን መሰላችሁ? ከራሷ ከሬዲዮ።

እኔም ልጄን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። ባሌ እኔን መምታት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱን ችዬው ነበር። እሁድ ግን ልጄ ልትገላግለን መሐል ስትገባ ቡጢው እሷንም አገኛት።

«ካልፈለግሽ መተው ትችያለሽ ትልሻለች» ብላ ተረጎመችና ሬዲዮ ከራሷ ጨመረችበት፦ «ምን የምትደብቂው ኖሮሽ ነው የምትተይው?»

አሁን በሞቴ፣ ምን ልበል? ብናገር ባሌ ጆሮ ይገባል። ብተወው ደግሞ «አንድ ነገር ብትደብቅ ነው» ተብሎ ይነገረዋል። ወደፊት ብል ገደል፣ ወደኋላ ብል ገደል።

ደሜ ፈላ። ጣቴን ወደ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ ቀሰርኩ። ተመራማሪዋ ገባት፤ አንድ ነገር አለቻት፣ ሬዲዮም እያጉረመረመች ወጣች። እሰይ!

በሩ ሲዘጋ ሁለታችን ተያየን። እሷ የእኔን አትሰማ፣ እኔ የሷን አልሰማ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ድምፅ መቅረጫ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ ተናገሪ እንደማለት እጇን ዘረጋችልኝ። ይሄማ ቃሌን ይዞ ርቆ ይሄዳል፣ ቋንቋዬን የሚያውቅ እኔን ግን የማያውቅ ሰው ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ።

ተናገርኩ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ተናገርኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁ። የልጄን የተሰበረ ጥርስ፣ ልብሳችንን ጠቅልዬ የት እንደደበቅኩት፣ ቅዳሜ እሱ ሥራ ሲገባ እንደምንወጣ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ተመራማሪዋ አንድ ቃል ሳይገባት እንባዋ መጣ። እኔም ሆዴ ቀለል አለኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ተነስታ በሩን ከፈተች፣ ሬዲዮን ጠራቻት፣ መቅረጫውን አንስታ እጇ ላይ አኖረችላት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አልኩ።

«ልጽፈው ነዋ!» አለች ሬዲዮ። «የሁላችሁንም ቃል ቤቴ ወስጄ እየሰማሁ የምተረጉመው እኔ አይደለሁ እንዴ? ያንቺን ዛሬውኑ ነው የምጀምረው።»

ልነጥቃት እጄን ሰደድኩ። ተመራማሪዋ ልሰናበታት የዘረጋሁ መሰላት፤ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና ታመሰግነኝ ጀመር። ሬዲዮ መቅረጫውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

«በይ ነይ እንሂድ» አለችኝ፤ «ወንድሜ በር ላይ እየጠበቀን ነው።»