አድሮ ይጠየቃል

መሪጌታ አካለ ወልድ ይጁቤ አጠገብ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ የወጣው እባጭ እየባሰ ሲሄድ የአዲስ አበባው ሐኪም ቁርጡን ነገራቸው፤ ኦፕራሲዮን ከሆኑ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም። እሳቸው "የሰጠው ወሰደው" ብለው ተቀበሉት። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የምትማረው ልጃቸው ሶልያና ግን መቀበል አልቻለችም። የአባቴን ድምፅ አስቀራለሁ ብላ ተነሳች።

ታላቅ ወንድሟ ሙላት "በስልኩ መቅጃ ቅጂውና ይብቃሽ" ብሏት ነበር። እውነቱን ነው። ግን ኩራት የሚሉት ነገር አለ አይደል፣ የራሴን አፕ ካልሠራሁ አለች። ስልኩ ላይ የበዓሉን ስም ሲነኩት የዕለቱን ዜማ በአባቷ ድምፅ የሚያሰማ አፕ።

እንዲህ ያለው አፕ ኦብጀክት ከሚባሉ ክፍሎች ይሠራል። አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያስቀምጣል፣ አንዱ የተቀመጠውን ያሳያል። አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም፤ በእጁ ካላቀበሉት በቀር ጎረቤቱ ምን እንደያዘ አያውቅም። ሶልያና ይህን አሳምራ ታውቃለች። ብታውቅም፣ አባቷ ለኦፕራሲዮኑ ሊሄዱ ሰሞን የመቅጃውን ገጽ ላሳምር ብላ በጥድፊያ እንደገና ጻፈችው።

ከዚያ ይጁቤ ወረደች። መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ከጠዋት እስከ ቀትር አዜሙላት። የታመመ ጉሮሮ ነውና ድምፃቸው ይሰነጠቅ ነበር፤ እሷ ግን እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም። ሲጨርሱ ስልኩ "ተቀምጧል" አለ። ወዲያው እዚያው መቅጃው ገጽ ላይ ከፍታ አሰማቻቸው።

"ጎሽ" አሉ። "ግን ይሄ ገና ማስተጋባት ነው። አሁን የነገርኩትን አሁን የሚመልስልኝን ተማሪ መቼ አምኜ አውቃለሁ? ትምህርት አድሮ ይጠየቃል። ነገ ጠይቂው።"

"ይሄ እንደ ተማሪ አይረሳም፣ አባዬ" ብላ ሳቀችባቸው።

በማግስቱ ሙላት ወደ አዲስ አበባ ይዟቸው ሲሄድ ማርቆስ ድረስ አብራ ሸኘቻቸው። ከመኪናው ስትወርድ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ጠየቅሽው?" አሏት።

"አዎ፣ መለሰልኝ" አለች። ልባቸው አርፎ ይሂዱ ብላ ነው የዋሸችው። መኪናው በአምበር አድርጎ ወደ ደጀን ሄደ። ከአባቷ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ "ጠየቅሽው?" ሆነ።

እስኪመለሱም አፑን አልከፈተችውም። ድምፃቸውን ብቻዋን መስማት ፈራች።

አንገታቸው ተጠቅልሎ፣ ከስተው ተመለሱ። ዘመድ ጠይቆ ከወጣ በኋላ በጣታቸው ስልኩን አሳዩአት። ያሰማኝ ማለታቸው ነው። ሶልያና ከፈተችው። አንድም ዜማ የለም። ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ የለም።

ጥፋቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። መቅጃውን እንደገና ስትጽፍ፣ የነበረውን ማስቀመጫ በማቀበል ፈንታ አዲስ ማስቀመጫ ፈጥራለታለች። እህሉን አንዱ ጎተራ ከትቶ ሌላውን እንደመክፈት ነው። መቅጃው የአባቷን ድምፅ ለአዲሱ ሰጠ፤ ያም አፑ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። በስልኩ ውስጥ የሚኖረው ዋናው ማስቀመጫ ምንም አልደረሰውም። አንድ መስመር አረመችና ተስተካከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን ነው።

አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። "አልጠየቅሁትም ነበር፣ አባዬ። ዋሸሁዎት። ድምፅዎን አጠፋሁት።"

ሙላት ፊቱን አዞረ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

መሪጌታ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን አነሱና መሬቱን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። ተማሪ ሲጠይቁ እንዲያ ነው ልማዳቸው። ሶልያና ገባት። ዜማውን ቁጭ ብላ ባትማርም ከጓዳ ብቅ ብላ አፋቸውን እያየች ስትሰማው ነው ያደገችው። እንባዋን ጠርጋ ጀመረች። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ተከተሏት።

መሐል ላይ ሳተች። መቋሚያው ቆመ። መሪጌታ ሊያርሟት አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ከመጀመሪያው ተነሳች፣ እዚያው ቦታ ስትደርስ ሳተች፣ እንደ ልጅነቷም ቀና ብላ አፋቸውን ታይ ጀመር።