አባቷ የሚጠራው ቁጥር

ትንሿ በሁለት አክስቶቿ መካከል ተቀርቅራ ተቀምጣለች። በቀኟ ያለችው ስትተነፍስ አብራ ትገፋለች፤ በግራዋ ያለችው ስታለቅስ የእሷ ትከሻ ይርሳል። ሠላሳ አራት ዓመት ቢሞላትም በዚህ ቤት መጠሪያዋ ትንሿ ነው፤ ትንሿ ደግሞ ልቅሶ ቤት ሳይፈቀድላት ብድግ አትልም። እናቷ ማዶ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ፎቶ አንሺው አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ጎረቤታቸው መምህሩ ሻዩን ፉት እያለ የሟቹን ዓይን ያወድሳል። «የብርሃን መለኪያ የሚባል ዕቃ እሳቸው እጅ ገብቶ አያውቅም» አለ። «መሬት ላይ የወደቀውን ጥላ አየት አድርገው ቁጥሩን ይጠሩታል። እስከ መጨረሻዋ ቀን ዓይናቸው የልጅ ዓይን ነበር።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ትንሿም ነቀነቀች፤ ምን ታድርግ።

ልብስ ሰፊው አጎቷ ይህን ሲሰማ ሞቅ አለው። የአባቷ ፎቶ ቤት ሱቁ እንደማይዘጋ፣ ትንሿ እንደምትቀጥልበት፣ በሚመጣው ሳምንትም የትምህርት ቤቱን ተመራቂዎች እንደምታነሳ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ቃል ገባ። «የአባቷ ዓይን ባይኖራትም አይጨንቀን፤ መለኪያውን እንገዛላታለን» ሲል ጨመረ። እሷን የጠየቃት የለም። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ግን ሌላ ከተማ የሚገኝ ጋዜጣ በፎቶ አንሺነት እንደቀጠራትና ሰኞ ጠዋት እንድትገኝ ይላል። ባለፈው ዓመትም ጠርተዋት አልመጣም ብላለች። ለሦስተኛ ጊዜ የሚለምናት አይኖርም።

ያኔ ያልሄደችበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም። ጥላ ማንበብን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ቁመቷ ገና ከወገቡ ሳያልፍ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ካለ አስራ ስድስት፣ ለስለስ ካለ አስራ አንድ፣ ደብዘዝ ካለ ስምንት፣ ጥላ የሚባል ከጠፋ አምስት ነጥብ ስድስት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። አባቷ ይጠራል፣ እሷ የሌንሱን ቀለበት ታዞራለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ግን አንድ ሠርግ ላይ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ «ስምንት» አለ። የተባለችውን አደረገች። ሙሽራዋ ፎቶው ላይ ከነቬሎዋ ነጭ ሆና ቀረች፤ አፍንጫ እንኳ አልተረፈላትም። አባቷ ኬሚካሉን ረገመ። ትንሿ ግን ዓይኑን ቀረብ ብላ አየችው፤ ብሌኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወርዶበታል።

ከዚያ ወዲህ እሱ የመሰለውን ቁጥር ይጠራል፣ እሷ ጥላውን አይታ የራሷን ታደርጋለች። ትንፍሽ አላለችም፤ ትታው መሄድም አልቻለችም። አሁን ብትናገር የአባቷ ስም አብሮት ይቀበራል፤ አጎቷም ዓይኑንማ ወርሳለች ብሎ ሱቁ ውስጥ ይቸነክራታል። ዝም ብትል ደግሞ ከነመለኪያዋ እዚያው ናት። በየት በኩል እንደምትወጣ ጠፋት።

በሦስተኛው ቀን ፊልም አጣቢው መጣ። ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ፣ ጣቶቹ በኬሚካል የጠቆሩ ሰው ነው። አንደኛዋ አክስት ብድግ ስትል ቦታዋን ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከዚያ ሠርግ በኋላ ብርሃኑን የምትለኪው አንቺ ነበርሽ» አላት።

ክው አለች። ማን እንደነገረው ጠየቀችው።

«ፊልሙ ነዋ። አባትሽ ለሰው ፊት ሁልጊዜ ግማሽ ቁጥር ያህል ብርሃን ይጨምር ነበር። አንቺ ልክ ልኩን ነው የምትሰጪው፤ ንፉግ ነሽ።» ፈገግ አለ። «አንድ ቀን አባትሽ ሥራው እንዴት ወጣ አለኝ። ንጹህ ነው፣ ትንሽ ጠቆር ይላል አልኩት። ሳቀና ‹እሷ ናት› አለ።»

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ዓይኔ መድከሙን ካመንኩ ሱቁ ይዘጋል፣ እሷም ትሄዳለች ብሎ ፈራ። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ይቅር በይኝ።»

ትንሿ ተናደደች። በሟች መናደድ ነውር ቢሆንም ተናደደች። እሷ ለእሱ ክብር ብላ ስትዋሽ፣ እሱ ብቻውን መቅረት ፈርቶ ሲዋሻት፣ ሦስት ዓመት አለፈ። ከንዴቷ ሥር ደግሞ ናፍቆቱ ነበር፤ ያንን የተሳሳተ ቁጥሩን አንዴ ቢጠራላት ምንኛ በወደደች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያልመጣላት ልቅሶ ያን ጊዜ መጣላት።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ሳይበተን አንድ ፎቶ ይነሳ ብሎ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ደረደረና መለኪያው እስኪገዛ በግምት እንድትሞክር ነገራት። ሰማዩ ዳምኗል፤ መሬቱ ላይ ጥላ የለም። ቀለበቱን አዙራ ካሜራውን ካቆመች በኋላ መሐል ወደተቀመጠችው እናቷ ሄዳ አጎነበሰች።

«እማዬ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ጋዜጣ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«አባዬ ዓይኑ...» ብላ ጀመረች ትንሿ።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «የሻዩን ብርጭቆ እጁ ላይ የማስይዘው እኔ አልነበርኩ? አንቺን እንዳስቀረንሽ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ከዚያ እስከ ቅንድቧ የወረደውን ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ያበጡት ዓይኖቿ፣ ግንባሯና ሽበቷ ወጡ። አገጯን ቀና አድርጋ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«አንሺኝ እንግዲህ» አለች። «ይዘሽኝ ትሄጃለሽ።»

ትንሿ ወደ ካሜራው ተመለሰች። የማንሻውን ቁልፍ እስክትጫን ድረስ ዘመድ ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ጠበቃት።